በነፃ የተገኘ ፒያኖ፦ ይጠገን ወይስ ይጣል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ጎረቤታችን ቤት ስትለቅ ቁመቱ አጭር የሆነ አሮጌ ፒያኖ በነፃ ሰጠችን። የ8 ዓመት ልጄ መማር ከጀመረች 4 ወሯ ነው። የጠራነው ባለሙያ ክዳኑን ከፍቶ አየና «ገንዘባችሁን አታባክኑ፣ ጣሉት» ብሎ ሄደ። ባለቤቴ ደግሞ «ለጀማሪ ምን አነሰው? እንዳለ ትጫወትበት» ይላል። የማንን ልስማ?

መልስ፦ እህቴ፣ ለጊዜው የሁለቱንም አይስሙ።

ከባለቤትዎ ልጀምር። «ለጀማሪ ይበቃል» የማይባልበት ቤት ገብቼ አላውቅም። አዋቂ ተጫዋች ቁልፉ ተጫነና አልመለስ ካለው ፒያኖውን ይረግማል። ልጅ ግን ጥፋቱ የጣቷ ይመስላታል። አንድ ቤት እናትየው ልጇን «ሰነፍ ነው፣ ይዘላል» እያለች ትወቅሰዋለች። ቁልፉን ሳነሳ ከሥሩ የ10 ሳንቲም ዳይምና የእርሳስ ስባሪ ወጣ። ልጁ ለካ ያቺን የማትሠራ የፋ ቁልፍ እየዘለለ መጫወት ለምዷል። ሥራው 5 ደቂቃ አልፈጀም። እናትየው ግን ሳንቲሙን እያየች ብዙ ቆየች።

ባለሙያውም ዝም ብሎ አልሸሸም። የእርስዎ ፒያኖ ስፒኔት የሚባለው ሳይሆን አይቀርም። ከ1930ዎቹ ጀምሮ ለጠባብ ቤት ተብሎ የተሠራ ነው። መዶሻዎቹን የሚያንቀሳቅሰው ክፍል ከቁልፎቹ ዝቅ ብሎ ስለተቀመጠ እሱን ለማውጣት 88ቱን ቁልፍ አንድ በአንድ ማለያየት አለ። በ1940ዎቹ መጨረሻና በ1950ዎቹ የተሠሩት ብዙዎቹ ደግሞ መገጣጠሚያቸው ፕላስቲክ ነው። ዛሬ በእጅ ሲነኩት እንደ ደረቅ ብስኩት ይፈረፈራል። አንዱ ከተሰበረ ሌላውም ይከተላል፤ ስለዚህ ሁሉንም መቀየር ነው። አድካሚ ነው እንጂ የማይቻል አይደለም።

ዋናው ነገር ሌላ ነው። ማሲንቆ አንድ መቃኛ አለው። ፒያኖ ግን 230 ገደማ አለው፤ እንጨት ውስጥ የተመቱ የብረት ፒኖች ናቸው። ክሮቹ ሁሉ ተደምረው ወደ 18 ቶን ይስባሉ። እንጨቱ ፒኖቹን አጥብቆ ከያዘ ሌላው ሁሉ ይጠገናል። ጥቂት ፒኖች ከላሉ ቀጭን ሱፐር ግሉ የሚባለውን ማጣበቂያ በሥራቸው አንጠባጥባለሁ። ቀልድ ይመስላል፣ ግን የታወቀ ዘዴ ነው። እንጨቱ ከተሰነጠቀ ግን ባለሙያው ልክ ነው። ያኔ ቁልፉ እንደ ፒያኖ የሚከብድ ባለ 88 ኪቦርድ ይግዙላት።

የሚጠገን ከሆነ ገንዘብዎ መጀመሪያ የሚጣበቁትና ድምፅ የማይሰጡት ቁልፎች ላይ ይዋል። ከዚያ ይቃኝ። ለዓመታት ያልተቃኘ ፒያኖ ቅኝቱ በግማሽ ድምፅ፣ ማለትም ከአንዱ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ያለውን ያህል፣ ሊወርድ ይችላል፤ ወደ ቦታው ሲመለስ ክር ሊበጠስ እንደሚችል አስቀድመው ይወቁት። አንዴ ተቃኝቶም አያበቃም፤ ክሩ ተመልሶ ስለሚረግብ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይደገማል። ቀለሙን ይተዉት፤ ልጅቷ የምትጫወተው በቀለሙ አይደለም።

ከማሞቂያው አፍም ያርቁት። በሜሪላንድ የበጋ እርጥበት እንጨቱ ያብጣል፣ በክረምት ማሞቂያ ይደርቃል፣ ቅኝቱም አብሮ ይንሸራተታል። ቁልፍ ተጣበቀ ብለው ደግሞ ዘይት እንዳይረጩ! አንድ አባት የወጥ ዘይት አፍስሶ ጠርቶኛል። ከቁልፎቹ ሥር ያለው የሱፍ ጨርቅ ጠጥቶት ነበር፣ ሽታውም እስካሁን አይረሳኝም።

የባለሙያው ስልክ ካለዎት ይደውሉና አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁት፦ «ፒኖቹን በመቃኛ ቁልፍ አዙረህ ሞክረሃቸዋል?» አልሞከርኩም ካለ ሌላ ሰው ይጥሩ።