ስለ አየር ንብረት ጠየቃችሁ፣ እነሆ መልሱ

ሰላም የወሎ ልጆች! እኔ ኮምቦልቻ ነኝ። ሥራዬ አፈርና ውሃ ጥበቃ ነው፣ የኤሌክትሪክና የፀሐይ ኃይል ነገርም ይስበኛል። በልጉ እንዲህ ሲያስቸግር ጊዜ ጠይቁኝ አልኩ፣ ጥያቄው ጎረፈ። ተመሳሳዩን አንድ ላይ አድርጌዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጭሱ የሀብታም አገር፣ ድርቁ የወሎ። እኛ ምን አጥፍተን ነው የምንደክመው?

እውነትሽን ነው እህቴ። ዓለም ላይ ከሚለቀቀው ጭስ የኢትዮጵያ ድርሻ አንድ በመቶ እንኳን አይሞላም። ሀብታሞቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ኮፐንሃገን ላይ እስከ 2020 ለድሃ አገሮች በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር እናደርሳለን አሉ፣ በቀጠሮው አልደረሰም። ስለዚህ ካሳ መጠየቃችን ይቀጥል። እኔ እዚህ ሥሩ የምለው ግን የነሱን ዕዳ ለመክፈል አይደለም። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለው የሐረጎ ዳገት አፈር ታጥቦ ሲሄድ የሚራበው የቃሉ ወረዳ ገበሬ ነው።

ጥያቄ፦ ደሴ–ኮምቦልቻ ሚኒባስ እሠራለሁ። የኤሌክትሪክ ልግዛ? ሐረጎን ይወጣል?

ይወጣል፣ ያውም ሳያጓራ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ስትወጣ ባትሪው ቶሎ ይወርዳል፣ አትደንግጥ። ስትወርድ ሞተሩ ራሱ ጄኔሬተር ይሆንና ካወጣኸው የተወሰነውን ይመልስልሃል፣ የፍሬን ሸራም ይተርፍሃል። አንድ ነገር ልብ በል፦ ደሴ ላይ መቶ በመቶ ሞልተህ ወዲያው ቁልቁል አትውረድ፤ የሞላ ባትሪ ተጨማሪ አይቀበልም፣ ያን ጊዜ ሸክሙ ሁሉ ፍሬንህ ላይ ነው። ቻርጁን ታች ኮምቦልቻ አድርገው። መብራታችን ከሞላ ጎደል ከውሃ ስለሚመነጭ ደግሞ ጭሱን ከመኪናው አንስተን ሌላ ቦታ አናጨሰውም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ ገበያውም ወደዚያው እየሄደ ነው። ግን ከመግዛትህ በፊት የሚጠግነው ሰው ከተማችን ውስጥ መኖሩን፣ መለዋወጫ ከየት እንደሚመጣ ጠይቅ። መካኒክ የሌለው መኪና ምንም ዘመናዊ ቢሆን ቆሞ አቧራ ይጠጣል።

ጥያቄ፦ ጦሳ ተራራ ላይ በየክረምቱ እንተክላለን። ችግኙ የት ይገባል?

ከብት ይበላዋል፣ የተረፈው በበጋ ይደርቃል። መትከል የአንድ ቀን ጠዋት ሥራ ነው፣ ፎቶም ይነሱበታል። ጥበቃው ግን ዓመታት ይፈልጋል፣ እሱን ደግሞ ማንም ፎቶ አያነሳውም! እኔን ብትጠይቁኝ ከአዲስ ጉድጓድ ይልቅ ተራራውን ከከብት ንክኪ ነፃ ማድረግ ይበልጣል። የተቆረጠው ጉቶ ሥሩ አልሞተም፣ ከተተወ ያቆጠቁጣል። ወላይታ ሁምቦ ላይ 2,700 ሄክታር ያህል መሬት በዋናነት በዚህ መንገድ ነው የተመለሰው፤ ዛፉ ከአየር መጥጦ የያዘው ካርቦን (ያው የጭሱ ጋዝ) ተሸጦም ለገበሬዎቹ ማኅበራት ገንዘብ ገብቷል። ቁልፉ ሕጉን ቀበሌው ራሱ ማውጣቱ ነው፦ ከብት አይገባም፣ ሣሩ ግን ታጭዶ ይወሰዳል፣ ማን መቼ እንደሚያጭድ በተራ ይታወቃል። ሣሩን የከለከላችሁት ሰው ሌሊት መንጋውን ይነዳል፣ አትፍረዱበት። ባሕር ዛፍ ለአጣናና ለማገዶ ይሁን፣ ከምንጭ አጠገብ ግን በሞቴ አትትከሉ።

ጥያቄ፦ መብራት እየጠፋ በኤሌክትሪክ ምጣድ ጋግሩ ትሉናላችሁ?

አብሽሪ፣ ሁለቱንም ያዢ። ለመጠባበቂያ ከሲሚንቶ የሚሠራውን «ምርጥ» ምድጃ አስገቢ፤ ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል፣ ጭሱም ዓይንሽን አያጠፋውም። ደግሞ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል፤ ሰፈሩ በሙሉ በአንድ ሰዓት ሲጋግር ትራንስፎርመሩ ምን ያድርግ? ቡና ላይ ስትቀመጡ ተራ ተከፋፈሉ፣ እናንተ ቅዳሜ ጠዋት፣ እነሱ ከሰዓት። ቀላል ይመስላል፣ ብዙ መቃጠል ያስቀራል።

ጥያቄ፦ ካርቦን የሚመጥ ማሽን አለ ይባላል፣ ለምን ዝም ብለን አንጠብቀውም?

አለ። አይስላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራ የጀመረው ኦርካ በዓመት እስከ 4,000 ቶን እንዲመጥ የተሠራ ነው። ዓለም በዓመት ከነዳጅ፣ ከጋዝና ከከሰል የሚለቀው ከ37 ቢሊዮን ቶን በላይ ነው። አካፍሉት። ፀሐይን እንጋርድ የሚሉም አሉ፤ ፊሊፒንስ ውስጥ የፒናቱቦ እሳተ ገሞራ እ.ኤ.አ. በ1991 ፈንድቶ ወደ ሰማይ የረጨው ብናኝ ፀሐይን ጋርዶ ዓለምን ለጊዜው ግማሽ ዲግሪ ያህል አቀዝቅዟል። ግን ዝናብ የሚመጣበትንም ሊያዛባ ይችላል፣ የኛን ክረምት በሰው እጅ መስጠት ለኔ አይዋጥልኝም።

ጥያቄ፦ ዝናብ የአላህ ነው፣ እርከን ምን ይጨምራል?

ዱዓው ይቀጥል። እርከኑ የመጣውን ዝናብ ለማቆየት ነው።

ጥያቄ፦ ቦርከና ወንዝ ዳር ሽንኩርት አለኝ። የናፍጣ ፓምፔን በሶላር ልቀይር?

ቀይር። ናፍጣ ፍለጋ ጀሪካን ይዘህ መሰለፍ ይቀርልሃል፣ የፓነል ዋጋም ባለፉት አሥርና አሥራ አምስት ዓመታት በዓለም ገበያ እጅግ ወርዷል። ችግሩ ሌላ ነው። ናፍጣ ውድ ስለሆነ ሰው ውሃውን ቆጥቦ ይስባል፤ ፀሐይ ግን ነፃ ናት፣ ሁሉም ቀኑን ሙሉ ከሳበ ግንቦት ላይ ወንዙ ታች አይደርስም። ስለዚህ ፓምፑን ከመግዛትህ በፊት ከላይና ከታች ካሉት ጋር ቁጭ በሉና የውሃ አባት ምረጡ፣ ተራውንም ሰዓቱንም እሱ ይያዝ። ፓነሉን ስትገዛ ደግሞ የዋስትና ወረቀቱን ተቀበል፣ ማታ ማታም የሚጠብቀው ሰው ይኑር፣ ይሰረቃል።