አላይመንት ሦስት ጊዜ ተሠርቶ ጎማው አሁንም ከውስጥ ይበላል

አንድ አንባቢ እንዲህ ብሎ ጽፎልኛል፦ «መኪናዬ በአየር ሳስፔንሽን የምትሄድ ትልቅ ኤስዩቪ ናት። የኋላ ሁለቱን ጎማዎች አዲስ አስገጥሜ ገና 14,000 ኪሎ ሜትር ስነዳ የውስጥ ጠርዛቸው ሽቦ አወጣ። ከውጭ በኩል ሲታዩ አዲስ ነው የሚመስሉት። አላይመንት ሦስት ጊዜ አሠርቻለሁ፤ ሦስቴም ‹ሁሉም አረንጓዴ ነው› ተባልኩ። ቀጥ ብላ እንድትሄድ መሪውን ትንሽ ወደ ቀኝ አዙሬ መያዝ አለብኝ። ጉድጓድ ስትገባ ደግሞ ከኋላ ድብ የሚል ድምፅ አለ። ጎማ ልቀይር? ወይስ ሾክ አብዞርበር?»

ወንድሜ፣ ሽቦ ባወጣ ጎማ መንዳትህን ዛሬውኑ አቁም። ከሁለት ቶን በላይ የምትመዝን መኪና ናት። የኋላ ጎማ በፍጥነት ላይ ቢፈነዳ መሪ ይዘህ የምትመልሳት አይደለችም። ወደ ጋራዥ አስጭነህ ውሰዳት፤ ካልሆነም አሮጌም ቢሆን ደህና የሆነ፣ ልኩ የገጠመ ጎማ ግጠምላትና ቀስ ብለህ ሂድ።

አሁን ወደ ጥያቄህ። አዲስ ጎማም ሾክም ገና አትግዛ። ከውስጥ የተበላው ጎማ፣ የተጣመመው መሪና የኋላው ድምፅ ለእኔ ሦስት ችግር አይመስሉኝም። ከኋላ የሆነ ነገር ላልቷል። የላላው ነገር እስካልተቀየረ ድረስ አላይመንቱን አሥር ጊዜ ብታሠራውም ከጋራዡ ወጥተህ የመጀመሪያውን ጉድጓድ ስትመታ ይፈርሳል።

አላይመንት ማለት የጎማዎቹን አቅጣጫና ዝንባሌ ለክቶ ማስተካከል ነው፤ ማሽኑ የሚለካው ግን የቆመች መኪናን ነው። ጎማህ የሚበላው ደግሞ ስትሄድ፣ ፍሬን ስትይዝና ነዳጅ ስትሰጥ ነው። እዚህ መሀል ያለውን ልዩነት ነው ሦስቱም ጋራዦች ያላዩልህ።

ልንገርህ። ያንተን የመሰለች መኪና ገብታልኝ ነበር፤ እሷም የኋላ ቀኝ ጎማዋ ከውስጥ አልቋል። ማሽኑ ላይ አወጣኋት፣ ስክሪኑ የኋላ ቀኙን ቶ፣ ማለትም ከላይ ሲታይ የጎማው አፍንጫ የዞረበትን ልክ፣ ወደ ውስጥ 0.12 ዲግሪ አለኝ። አረንጓዴ። እዚያ ላይ አላቆምኩም። ረዳቴን የጎማውን የፊት ጠርዝ በሁለት እጁ ይዞ ወደ ውጭ ሳበው አልኩት፣ እኔ ቁጥሩ ላይ ዓይኔን ተከልኩ። 0.12 የነበረው ዜሮ ገባ፣ ከዚያ ወደ ውጭ ዞሮ 0.30 ደረሰ፣ ቀይ። ሲለቀው ደግሞ ወደነበረበት አልተመለሰም፤ ወደ ውጭ 0.05 ላይ ቀረ። ሰው በእጁ ስቦ ይሄን ያህል ካንቀሳቀሰው መንገድ ላይማ አስበው። በባትሪ ከስር ስገባ የታችኛው ብራቾ (ጎማውን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያያይዘው ክንድ) ጎሚኒ፣ ማለትም መጋጠሚያው ላይ ያለው ላስቲክ፣ ከብረቱ ለቆ፣ ዙሪያውን እንደ ከንፈር ተሰንጥቆ ነበር። ያቺን መኪና ያመጣት ሰውም እንዳንተው የአላይመንት ወረቀት በእጁ ይዞ ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መፈተሽ ነው። መኪናዋ በሊፍት ከፍ ብላ የኋላ ብራቾዎቹ በሙሉ አንድ በአንድ በረጅም ብረት ይነቅነቁ፤ ትንንሾቹም ጭምር፣ በተለይ ቶውን የሚይዘው ቀጭኑ ብራቾ። እነዚህ መኪኖች ከኋላ በአንድ ጎን ብቻ አራት ወይም አምስት ብራቾ ሊኖራቸው ይችላል፣ እያንዳንዱም ጫፍና ጫፉ ላይ ጎሚኒ ወይም ቦል ጆይንት (እንደ ኳስ የሚዞር የብረት መጋጠሚያ) አለው። ጎሚኒው ላስቲክ ስለሆነ ትንሽ መስጠቱ ጤነኛ ነው። ብረት ብረቱን ሲመታ ድምፅ ከሰማህ፣ ወይም ላስቲኩ ከብረቱ ሲላቀቅ ካየህ ግን አልቋል። ውስጡ ፈሳሽ ያለው ጎሚኒም አለ፤ እሱ ሲፈነዳ ከሥሩ ጥቁር የዘይት እድፍ ይተዋል። ኩሽኔታውንም አትርሳ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ስትነቀንቀው ቀጭ ቀጭ ካለ ካምበሩ፣ ማለትም የጎማው አናት ማዘንበል፣ ራሱ እየተወዛወዘ ነው።

ሾክ አብዞርበሩን የጠየቅኸኝን እጅህ ይመልስልሃል። ጎማውን አስፈትተህ ዙሪያውን ቀስ ብለህ ዳስሰው። ቦታ ቦታ እየዘለለ ጎድጎድ ካለ፣ ማለትም እብጠትና ጉድጓድ እየተፈራረቀ ከተሰማህ፣ ሾኩ ደክሟል ወይም ባላንስ የለም። ያንተ ግን ዙሪያውን እኩል ከውስጥ ጠርዙ ብቻ የተላገ ይመስለኛል። አሁን ደግሞ መዳፍህን በጥርሶቹ ላይ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከዚያ ከውስጥ ወደ ውጭ ሳበው። በአንዱ አቅጣጫ ልስልስ ብሎ በሌላው እንደ መጋዝ ከያዘህ ጥፋተኛው ቶ ነው። መያዝ ከሌለው፣ ዝም ብሎ ወደ ውስጥ እያዘቀዘቀ ካለቀ ካምበሩ ብቻውን ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ግን ሁለቱም አብረው ነው የሚመጡት። ድብ የሚለው ድምፅ ከሾኩ የላይኛው መቀመጫ ሊመጣ ስለሚችል እሱም ይታይ፣ ዘይት ካንጠባጠበ ደግሞ ይቀየር፤ የሚቀየረውም በጥንድ ነው።

ቶ የምለው ጎማዎቹን ከላይ ሆነህ ብታያቸው አፍንጫቸው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዞሩን ነው። ካምበር ደግሞ ከኋላ ቆመህ ስታያቸው አናታቸው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበሉ። ሰው ሁሉ ካምበርን ነው የሚፈራው፣ በዓይን ስለሚታይ። ጎማ በፍጥነት የሚጨርሰው ግን ቶ ነው። አንድ ጎማ ሩብ ዲግሪ ብቻ ተጣሞ ቢሄድ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ከ4 ሜትር በላይ ወደ ጎን ይጎተታል። በሒሳብ ስናስበው አንተ በነዳኸው 14,000 ኪሎ ሜትር ውስጥ ጎማው ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ አስፋልት ላይ በጎኑ ተፍቋል ማለት ነው። ካምበሩ ደግሞ ክብደቱን የውስጥ ጠርዙ ላይ ስለሚጥለው ፍቀቱን የሚከፍለው ያ ጠርዝ ብቻ ይሆናል። ከውጭ አዲስ መስሎ የታየህ ለዚህ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ቁመቷን ለካ። የአየር ሳስፔንሽን ያለው መኪና ላይ ይሄ ግዴታ ነው፣ ግን ብዙ ሰው ይዘለዋል። መኪናዋ ደልዳላ ቦታ ላይ በመደበኛ ቁመቷ ቆማ ከጎማው መሀል ቀጥ ብለህ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ለካ፣ አራቱንም። አምራቹ ለያንዳንዱ ሞዴል ያስቀመጠው ቁጥር አለ፤ ከዚያ ጋር አስተያየው። ግራና ቀኙ በ10 ሚሊ ሜትር ከተለያየ እኔ አላይመንት አልጀምርም። ኋላዋ ዝቅ ስትል የጎማው አናት ወደ ውስጥ ያዘነብላል፣ ቶውም አብሮ ይለወጣል። ዝቅታው ከሚያፈስ የአየር ከረጢት ሊመጣ ይችላል፤ ጠዋት ተቀምጣ ካገኘሃት ማፍሰሷ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ከረጢቱ ደህና ሆኖ የቁመት መለኪያዋ ትንሿ ዘንግ ታጥፋ ኮምፒውተሩን እያሳሳተችው ይሆናል። ያኔ ቁመቱ በመመርመሪያ ኮምፒውተር እንደገና መስተካከል አለበት። አላይመንት ሲሠራም መኪናዋ መሀል ላይ ራሷን ከፍ ዝቅ እንዳታደርግ በአምራቹ አሠራር መሠረት ቁመቷ መያዝ አለበት። ሞተሯን አጥፍቶ ዝም ብሎ ማሽን ላይ ማውጣት ልክ አይደለም።

ያለቀውን ስታስቀይር አንድ ነገር ቆመህ ተመልከት። ለምኜሃለሁ። አዲስ ጎሚኒ የገባበት ብራቾ ቡሎን ጎማው በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ እስከ መጨረሻ መጥበቅ የለበትም። ላስቲኩ ከተጠበቀበት ቦታ ነው ሥራውን የሚጀምረው። ተንጠልጥሎ ከተጠበቀ መኪናዋ መሬት ስትወርድ ገና ከመጀመሪያው ቀን ተጠማዞ ይቀራል፣ ያለጊዜውም ይቀደዳል። ትክክለኛው አሠራር ብራቾውን ከሥር በክሪክ ከፍ አድርጎ ከጎማው መሀል እስከ ፓራፋንጎ የለካኸው ቁመት ላይ ሲደርስ፣ ያኔ በቶርክ ቁልፍ በአምራቹ ልክ ማጥበቅ ነው። አንዳንድ የሳስፔንሽን ቡሎኖች ሲጠብቁ ተለጥጠው የሚቀሩ ናቸው፤ አምራቹ ቀይር ካለ አሮጌውን አትመልስ። አዲስ ጎሚኒ ብዙም ሳይቆይ ተበላሸብን የሚሉ ሰዎች ዕቃውን ነው የሚወቅሱት፤ እኔ ከማያቸው ውስጥ ግን ብዙዎቹ ተንጠልጥለው የጠበቁ ናቸው።

ይሄ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው አላይመንት የሚመጣው። ጎማው ቀዝቃዛ ሆኖ በበሩ ፍሬም ላይ በተለጠፈው ቁጥር ይነፋ። ሻንጣ ውስጥ ያለው ከባድ ዕቃ ይውረድ። ከዚያ የሚጀመረው ከኋላ ነው። ኋላው ወደ ጎን ከገፋ መኪናዋ ቀጥ እንድትሄድ መሪውን አጣመህ ትይዛለህ፣ ልክ አንተ እንዳልከው። ፊቱን ብቻ ነካክቶ መሪውን ቀጥ ማድረግ በሽታውን መሸፈን ነው። ብዙ ጋራዥ ከኋላ የማይነካው ማስተካከያው ቡሎን ዝጎ ስለተጣበቀ ነው። «የኋላው አይስተካከልም» ካሉህ አይንቀሳቀስም ለማለት ነው ወይስ ጭራሽ ማስተካከያ የለውም ለማለት ነው ብለህ ጠይቅ፤ ሁለቱ በጣም የተለያዩ ናቸው። የተጣበቀው በዝገት ማስለቀቂያና በሙቀት፣ ካልሆነም ተቆርጦ አዲስ በመግጠም ይፈታል።

አረንጓዴ የሚለውን ቃል ደግሞ አትመነው። አረንጓዴ ማለት ከተፈቀደው ወሰን ውስጥ ነው ማለት ብቻ ነው። ግራው የወሰኑ አንድ ጫፍ ላይ፣ ቀኙ ሌላኛው ጫፍ ላይ ሆነው ሁለቱም አረንጓዴ ሊያሳዩ ይችላሉ። ቁጥሩን አንብብ፣ ግራና ቀኝ ተቀራራቢ ይሁኑ፣ ከወሰኑም መሀል አካባቢ። ከመስተካከሉ በፊትና በኋላ ያለውን ወረቀት ሁለቱንም ተቀበል። ጎማውን የበላው ምን እንደነበር የሚነግርህ የበፊቱ ነው። መኪናዋ መስመር የሚጠብቅ ካሜራ ወይም የፊት ራዳር ካላት የኋላው ቶ ሲለወጥ እነሱም እንደገና መስተካከል ሊያስፈልጋቸው ይችላል። የመሪው አንግል ሴንሰርም ዜሮው ይስተካከል።

ጎማ የምትገዛው አሁን ነው። አራቱንም ጎማ የምታሽከረክር ከሆነች ሁለት አዲስ ብቻ ከመግጠምህ በፊት የፊቶቹን ጥርስ ጥልቀት ለካ። አዲሱና አሮጌው ብዙ ከተራራቁ ዙሪያቸው ስለሚለያይ ትራንስፈሩ (ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለው ካምቢዮ) ሳያርፍ ይሠራል፣ ይሞቃል። የሚፈቀደው ልዩነት በመመሪያ መጽሐፉ ላይ አለ፤ እኔ ከ2 ሚሊ ሜትር ካለፈ አራቱንም ቀይር እላለሁ።

ጎሚስታው ሲገጥምልህ የጥርስ ጥልቀት መለኪያ ያዝና እያንዳንዱን ጎማ ከውስጥ፣ ከመሀል፣ ከውጭ ሦስት ቦታ ለክተህ ስልክህ ላይ ጻፈው። 3,000 ኪሎ ሜትር ስትነዳ እንደገና ለካ። የውስጡ ከውጭው በግማሽ ሚሊ ሜትር በልጦ ካለቀ ሁለቱን ልኬትና የአላይመንቱን ሁለት ወረቀት ላክልኝ፤ አብረን እናየዋለን።