ባዶ ጣሳ ለምትሸጡ ወገኖቼ

ከአገር ከወጣሁ ሃያ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። በእነዚህ ዓመታት የአሉሚኒየም ጣሳ እየሰበሰቡ ኑሯቸውን የሚደጉሙ ብዙ ወገኖችን አይቻለሁ፤ አብዛኞቹ ልጆቻቸውን ተከትለው የመጡ አረጋውያን ሲሆኑ አንዳንዶቹ ደግሞ የሥራ ፈቃድ የሚጠባበቁ ወጣቶች ናቸው። መሰብሰቡን ማንም ሊያስተምራቸው አይችልም፤ ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው ከማንም በተሻለ ይሠሩታል። የሚሸነፉት ሲሸጡ ነው። ስለዚህ የምጽፈው ስለ መሸጡ ብቻ ነው፤ ቃሌ ከረር ቢልባችሁ፣ ከእናንተ በፊት ራሴን የገሠጽኩበት ስለሆነ ታገሡኝ።

1. ስለ ወረቀት

መታወቂያ ይዛችሁ ሂዱ፤ በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች የውዳቂ ብረታ ብረት ገዢ የሻጩን ማንነት እንዲመዘግብ ሕግ ያስገድደዋል፣ በእንግሊዝና በዌልስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው ሕግ ምክንያት በጥሬ ገንዘብ መክፈል ስለተከለከለ የባንክ ሂሳብ ያስፈልጋችኋል።

2. ጣሳው ማስያዣ አለው ወይስ የለውም?

ጣሳ በሁለት መንገድ ገንዘብ ይሆናል። አንደኛው በቁጥር የሚመለሰው ማስያዣ ነው፤ መጠጡ ሲገዛ በዋጋው ላይ የተጨመረችው ሳንቲም ባዶው ጣሳ ሲመለስ ትመለሳለች። ሁለተኛው በክብደት የሚከፈለው የአሉሚኒየሙ ዋጋ ነው። የመጀመሪያው ባለበት ቦታ ሁለተኛውን የሚመርጥ ሰው የራሱን ገንዘብ ለሌላ ሰው እየሰጠ ነው።

ሂሳቡን እንሥራው። አንድ ባዶ ጣሳ 14 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ አንድ ፓውንድ ለመሙላት 32 ያህል፣ አንድ ኪሎ ለመሙላት ደግሞ ከ70 የማያንስ ጣሳ ያስፈልጋል። ገዢው ለፓውንድ 50 ሳንቲም ይሰጣል ብንል የአንዱ ጣሳ ዋጋ አንድ ሳንቲም ተኩል ገደማ ይሆናል። በሚሺጋን፣ በኦሪገን፣ እንዲሁም ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ በኮኔቲከት የዚያው ጣሳ ማስያዣ 10 ሳንቲም ነው። በጀርመን 25 የዩሮ ሳንቲም፣ በኔዘርላንድስ 15 የዩሮ ሳንቲም፣ በአውስትራሊያ 10 የአገሩ ሳንቲም ይመለሳል። ቨርጂኒያ፣ ቴክሳስና ጆርጂያ ግን የማስያዣ ሕግ የላቸውም፤ በእነዚህ ያላችሁ ከክብደቱ ሌላ ምርጫ ስለሌላችሁ ወደ ቀጣዩ ክፍል እለፉ።

ማስያዣ ባለባቸው የአሜሪካ ግዛቶች የግዛቱ ስም በአጭሩ፣ ብዙውን ጊዜ ከነሳንቲሙ፣ በጣሳው ክዳን ላይ ወይም በጎኑ ታትሟል፤ ከመሸጣችሁ በፊት አንብቡት። በካሊፎርኒያ ከ24 አውንስ በታች ለሆነው 5፣ ለትልቁ 10 ሳንቲም ሲከፈል፣ ከእያንዳንዱ የዕቃ ዓይነት (አሉሚኒየም፣ ብርጭቆ፣ ፕላስቲክ) እስከ 50 ድረስ በክብደት ሳይሆን በቁጥር እንዲከፈላችሁ የመጠየቅ መብት አላችሁ። የፓውንዱ ተመን የሚወጣው በአማካይ የጣሳ ክብደት ስለሆነ፣ ቀጫጭንና ትናንሽ ጣሳ የያዘ ሰው በሚዛን ሲሸጥ ይጎዳል፤ እንዲህ ያለው ሰው «በቁጥር ይሁንልኝ» ማለት አለበት። በሚሺጋን ደግሞ አንድ መደብር ከአንድ ሰው በቀን ከ25 ዶላር በላይ አልመልስም ማለት ይችላል፤ ያ 250 ጣሳ ነው። ብዙ ያከማቸ ሰው ወይ ቀኑን ወይ መደብሩን ይከፋፍል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ማስያዣ ከሌለበት ግዛት ጣሳ ጭኖ ማስያዣ ወዳለበት መውሰድን እንደ ብልጠት የሚያወሩ ሰዎች አሉ። ወንጀል ነው። በሚሺጋን 10,000 እና ከዚያ በላይ እንዲህ ያለ ጣሳ ለማስመለስ የሞከረ ሰው እስከ አምስት ዓመት እስራት ሊፈረድበት ይችላል፤ የመኖሪያ ወረቀቱ ገና ላልጸና ሰው ደግሞ መዘዙ ከእስራቱም ሊከፋ ይችላል።

3. ስለ ማዘጋጀት

ማግኔት ግዙ። ማግኔት የሚይዘው ጣሳ ብረት እንጂ አሉሚኒየም ስላልሆነ ለብቻው ይቀመጥ። የምግብ መጠቅለያ ፎይል፣ የመስኮት ፍሬም፣ አሮጌ ድስት ሁሉም አሉሚኒየም ቢሆኑም የየራሳቸው ደረጃና ዋጋ አላቸው፤ ከጣሳ ጋር ከቀላቀላችኋቸው ገዢው ከረጢቱን በሙሉ በዝቅተኛው ዋጋ ይገምተዋል። የመጠጥ ትራፊ አፍስሱ፤ ክብደት እንዲጨምር ውኃ ወይም አሸዋ የሚተው ሰው ገዢውን ያታለለ ይመስለዋል፣ ገዢው ግን አንድ እርጥብ ጣሳ ካየ ከጠቅላላው ክብደት ላይ ይቀንሳል ወይም ጭነቱን ይመልሳል። የመክፈቻ ቀለበቷን ነቅሎ ለብቻ ማጠራቀም ትርፍ አለው የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣ አይገባኝም፤ ቀለበቷ ከግራም በታች የሆነች አሉሚኒየም ናት፣ በቦታዋ ተዉአት፣ ጣታችሁንም አትቁረጡ።

መርገጥን በተመለከተ፦ በክብደት የምትሸጡ ከሆነ ረግጣችሁ አሳንሱት፣ ቦታ ይቆጥብላችኋል። ማስያዣ የምታስመልሱ ከሆነ ግን አንዱንም አትርገጡ። በየመደብሩ ባዶ ጣሳ የሚቀበለው ማሽን በጣሳው ላይ የታተመውን ባርኮድ ማንበብ አለበት፤ የተጨማደደውን መልሶ ይተፋዋል። ወደዚህ ነገር እመለሳለሁ።

4. ስለ ሚዛንና ዋጋ

ከረጢቱን ከመጫናችሁ በፊት ሚዛኑ ዜሮ ላይ መሆኑን በዓይናችሁ እዩ፤ የመያዣው ክብደት መቀነሱን ጠይቁ። ከዚያ ቁጥሩ ፓውንድ ይሁን ኪሎ አጣሩ። አንድ ኪሎ 2.2 ፓውንድ ነው፤ ሚዛኑ 20 ኪሎ አሳይቶ በ20 ፓውንድ ሂሳብ ብትከፈሉ ከገንዘባችሁ ከግማሽ በላይ እዚያው ቀረ ማለት ነው። እኛ በኪሎ አድገን ፓውንድ አገር ስንገባ ቁጥሩን ብቻ እንሰማለን፣ መለኪያውን አንሰማም። ደረሰኙ ላይ ክብደቱ፣ መለኪያውና የአንዱ ዋጋ ተለይተው ካልተጻፉ አትፈርሙ።

የአሉሚኒየም ዋጋ በለንደን የብረታ ብረት ገበያ በየሥራ ቀኑ ይወጣል። እናንተ ከዚያ የምታገኙት ከፊሉን ነው፤ ጣሳ ቀለም ስላለበት፣ ስስ ስለሆነና ሲቀልጥ ከፊሉ ወደ ዝቃጭ ስለሚሄድ ገዢው ዋጋውን ዝቅ ያደርጋል። የለንደኑ ዋጋ የሚጠቅማችሁ ወዴት እያዘነበለ እንደሆነ ለማወቅ ብቻ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ግን ቢያንስ ሦስት ገዢዎች ጋር ደውላችሁ «ዛሬ የመጠጥ ጣሳ በፓውንድ ስንት ትገዛላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ልዩነታቸው ያስገርማችኋል። «ይወደዳል» ብሎ ቤቱን በከረጢት የሚሞላም አለ። ሃያ ፓውንድ ጣሳ ላለው ሰው የአምስት ሳንቲም ጭማሪ አንድ ዶላር ነው፤ ለአንድ ዶላር ብላችሁ በረሮ አታራቡ። ጥቂት ሳንቲም የሚጨምር ገዢ ፍለጋ ለምታቃጥሉት ነዳጅም ያው ሂሳብ ይሠራል።

5. ስለ ይሉኝታ

ከላይ የዘረዘርኩትን ሁሉ ብታውቁትም ይህ ካልገባችሁ ከንቱ ነው። ወገኖቼ ዋጋ የሚያጡት በአብዛኛው ባለማወቅ ሳይሆን በሐፍረት ነው። የአገር ሰው እንዳያያቸው ብለው ከመደብሩ ማሽን ፊት መቆም ይፈራሉ፤ በዚህ ፍርሃት መካከል አንድ ተረካቢ ይገባል። ማታ መኪናውን አቁሞ ከረጢቶቹን ከጓሮ ይወስዳል፣ ሚዛን የለውም፣ በከረጢት ነው የሚከፍለው፣ በማግሥቱ ራሱ ከማሽኑ ፊት ቆሞ ይቆጥራል። የሚገዛው ሐፍረታችንን ነው ብትሉኝ አልቃወምም። ተረካቢው ቢበዛ ነጋዴ ነው፤ እኔ የምቆጣው ለእርሱ በር በሚከፍተው ልጅ ላይ ነው።

ያ ልጅ እኔ ነበርኩ። እናቴ ሚሺጋን አብራኝ በኖረችባቸው ሁለት ዓመታት ጣሳ መሰብሰብ ጀመረች። ማንም አላዘዛትም፤ ወድቆ ሲቀር ማየት አልቻለችም። እኔ በቢሮ የምሠራ ሰው ሆኜ እናቴ ከረጢት ይዛ በሕንፃው ዙሪያ ስትዞር መታየቷ አሳፈረኝ። «ተይ» ብላት እንደማትሰማኝ ሳውቅ «በይ እንግዲያው እየረገጥሽ አሳንሺው፣ ቦታ ይይዛል» አልኳት። እውነቱ ቦታ አልነበረም፤ በከረጢቱ ውስጥ ሲንኳኳ ጎረቤት እንዳይሰማ ነው። እርሷም በዚያ በታመመ ጉልበቷ አንድ በአንድ ረገጠችው። የተረገጠውን ማሽኑ አይቀበልም፣ ስለዚህ ከተረካቢው በቀር ገዢ አልቀረውም፤ መንገዱን የዘጋሁት እኔው ነኝ።

ተረካቢው ለአንድ ከረጢት 3 ዶላር ይሰጠኝ ነበር። እናቴ «ስንት አወጣ?» ስትለኝ «ጥሩ ነው» እላት ነበር፤ አልዋሸኋትም ብዬም ራሴን አጽናናለሁ፣ ምክንያቱም ስንት ማውጣት እንደነበረበት አስልቼ አላውቅም። የሠራችው ሂሳብ መኖሩን ያወቅሁት አገሯ ከተመለሰች በኋላ፣ ከአልጋዋ ሥር የልጄን አሮጌ ደብተር ሳገኝ ነው። በእርሳስ፣ በየቀኑ ስንት እንዳገኘች፣ በየከረጢቱ ስንት እንደገባ ጽፋለች። ከረጢት አንድ፣ 240። ከረጢት ሁለት፣ 240። ሁሉም እኩል ነበሩ፤ አንድም አላጎደለችም። 48 ከረጢት ነው። በጠቅላላው 11,520 ጣሳ ይሆናል። በማስያዣው ሂሳብ 1,152 ዶላር ነበር፤ እኔ ከተረካቢው የተቀበልኩት 144 ዶላር ነው።

ስለዚህ ወላጅ ያላችሁ ሁሉ፣ ከእናታችሁ ወይም ከአባታችሁ ጋር አብራችሁ ሂዱ። በቀን ሂዱ። ቋንቋውን እናንተ ተናገሩላቸው፣ ደረሰኙን እናንተ አንብቡላቸው፣ ገንዘቡን ግን በእነርሱ እጅ አስቆጥሩ። የአገር ሰው ካገኛችሁ ሰላም በሉት፤ እርሱም ቤቱ ያስቀመጠው ከረጢት ይኖር ይሆናል።

በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ «ያልተረገጠ፣ 112» የሚል ጽሑፍ ነበር። ከረጢቱን በጓሮ መጋዘኑ ውስጥ አገኘሁት። ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ መደብሩ በሰው በተሞላበት ሰዓት ወስጄ አንድ በአንድ ለማሽኑ አጎረስኩት፤ 11 ዶላር ከ20 ሳንቲም የሚል ደረሰኝ ሰጠኝ።