ስሙን የረሳሁት መጽሐፍ
(የአንባብያን ጥያቄና መልስ)

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ሦስት ደብዳቤዎች ከወሎ የተላኩ ሲሆኑ፣ ሦስቱም በልጅነት ስለ ተወደዱ መጻሕፍት የሚጠይቁ በመሆናቸው አንድ ላይ አስተናግደናቸዋል።

ጥያቄ፦ የልጅ ልጄ «አባባ፣ ልጅ ሳለህ አብዝተህ የወደድኸው መጽሐፍ የቱ ነው?» ብላ ጠየቀችኝና መልስ አጣሁ። መጽሐፉ ነበረኝ፤ ስሙን ግን አላውቀውም። እኔ እጅ ሲደርስ ሽፋኑና የመጀመሪያዎቹ ቅጠሎች ተገንጥለው አልቀው ነበር። የማስታውሰው አንድ ታሪክ ብቻ ነው፤ ቦርከና ሞልቶ አላሻግር ያለው አንድ አዝማሪ ከዳር ሆኖ ለወንዙ ይዘፍንለታል። ይህን መጽሐፍ ለልጅቱ ፈልጌ ላገኝላት እችላለሁን? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አባታችን፣ ፍለጋዎ ከገመቱት በላይ ቀላል ነው። የነገሩን ታሪክ የክቡር ዶክተር ከበደ ሚካኤል «አዝማሪና የውሃ ሙላት» የተሰኘው ግጥም ሲሆን፣ በእጅዎ የነበረውም ይህ ግጥም የሚገኝበት «ታሪክና ምሳሌ» ሳይሆን አይቀርም። በግጥሙ ውስጥ አንድ መንገደኛ ከሞላ ወንዝ ዳር ደርሶ፣ በሚያሳዝን ዜማ የሚያንጎራጉር አዝማሪ ያገኛል። ምን እየሠራ እንደ ሆነ ቢጠይቀው፣ ውሃው ሆዱ ራርቶ እንዲያሻግረው እያሞገሰው መሆኑን ይነግረዋል። መንገደኛውም የሰማው ውሃ አልፎ እንደሚሄድ፣ ያልሰማው ደግሞ ከላይ እንደሚመጣ፣ ስለዚህም ምስጋናው በከንቱ እንደሚቀር ያስረዳዋል።

ቦርከና ግን በግጥሙ ውስጥ የለም። ደራሲው ወንዙን በስም አይጠሩትም፤ ስሙን የሰጡት እርስዎ ነዎት። በክረምት ቦርከና ደፍርሶ ሲወርድ፣ ከብት ከወዲያ ሰው ከወዲህ ቀርቶ ውሃው እስኪጎድል ሲጠበቅ ያየ የኮምቦልቻ ልጅ «የሞላ ወንዝ» የሚል ቃል ሲያነብ ሌላ ወንዝ ሊታየው አይችልም። የዚህ ዐምድ አዘጋጅም ከዚሁ ግጥም ጋር የቆየ ቅሬታ አለው። በሠርግ ቤት ማሲንቆውን ይዞ ሲገባ ሰው ሁሉ ቦታ የሚለቅለትን አዝማሪ እያየሁ ስላደግሁ፣ መንገደኛውን እንደ ክፉ ሰው፣ አዝማሪውን እንደ ተበደለ እቆጥር ነበር። ግጥሙ የሚያደላው ለመንገደኛው እንደ ሆነ የገባኝ ጎልምሼ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ልቤ ዛሬም ከአዝማሪው ጋር ነው።

ርዕሱን መርሳትዎም የሚያስወቅስ አይደለም። በዚያ ዘመን አንድ መጽሐፍ ከታላቅ ወደ ታናሽ፣ ከታናሹም ወደ ጎረቤት ልጅ ሲተላለፍ ቀድሞ የሚያልቀው ሽፋኑ ነበር። ከዚህም ሌላ ግጥም የሚጠናው በቃል፣ የሚቀርበውም በክፍሉ ፊት ቆሞ ስለ ነበር ቤት የሚመታው ስንኝ በጆሮ ሲቀር የደራሲው ስም የሚያስፈልገው ሰው አልነበረም።

ተመሳሳይ ፍለጋ ላይ ያላችሁ ሌሎች አንባብያን፣ ዘመድ ወዳጅ ከመጠየቃችሁ በፊት የምታስታውሱትን በወረቀት እንድታሰፍሩ እንመክራለን፤ ሌላ ሰው የራሱን ትዝታ ከነገራችሁ በኋላ የእናንተን ከእርሱ መለየት አስቸጋሪ ነውና። ከታሪኩ ፍሬ ነገር ይልቅ የሚጠቅመው ትንሹ ነገር ነው፦ አንድ ሙሉ ስንኝ፣ የአንድ ሥዕል መልክ፣ የመጽሐፉ ቁመት፣ ስንተኛ ክፍል ሳላችሁ እንዳነበባችሁት። «ስለ አንበሳና ስለ ቀበሮ የሚናገር» የሚል መግለጫ ለመቶ መጻሕፍት ይስማማል፤ አንድ ስንኝ ግን ብዙውን ጊዜ ለአንዱ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ በደሴ ከተማ አሮጌ መጽሐፍ ዘርግተው ከሚሸጡት ሰዎች ይጀምሩ። ርዕስ ከሚጠይቋቸው ታሪኩን ቢተርኩላቸው ይሻላል፤ ከእነርሱ መካከል የሸጡትን ሁሉ ያነበቡ አሉና። በእነርሱ ዘንድ የጠፋ እንደ ሆነ አዲስ አበባ የሚሄድ ዘመድ ወደ ወመዘክር ይላኩ። በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ይህ ቤተ መጻሕፍት ከ1968 ዓ.ም. ወዲህ በአገር ውስጥ የሚታተሙ ሥራዎች ቅጂ በአዋጅ የሚገባበት ስፍራ ነው። ስድስት ኪሎ በሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትም ቀደምት የአማርኛ ኅትመቶች በብዛት ይገኛሉ። ሁለቱም መጽሐፉን አውጥተው አይሰጡም፤ ነገር ግን የትኛው ክፍልና የትኛው እትም እንደ ሆነ በዓይን አይቶ ማረጋገጥ ይቻላል፤ ሻጩንም ከዚያ ወዲያ በልበ ሙሉነት መጠየቅ ይቻላል።

አንድ ነገር ብቻ እንለምንዎ። መጽሐፉ ሲገኝ ስንኞቹ በቃልዎ እንደ ያዟቸው ላይሆኑ ይችላሉና፣ ለልጅቱ ከማንበብዎ አስቀድመው እርስዎ በቃልዎ የሚያውቁትን ይበሉላት። ቦርከናንም አያውጡት።

ጥያቄ፦ ከታላቅ ወንድሜ ጋር ተጣልተናል ማለት ይቻላል። እኔ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በልጅነቴ እንዳነበብሁት እርግጠኛ ነኝ፤ ሰብለ ወንጌልን በዓይኔ ያየኋት ያህል አውቃታለሁ። ወንድሜ ግን መጽሐፉ ቤታችን ገብቶ እንደማያውቅ ይምላል። ማናችን ነን እውነተኛ? (ከወልድያ)

መልስ፦ እኅታችን፣ ሁለታችሁም ሳትሆኑ አትቀሩም። የሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ በ1958 ዓ.ም. ከታተመ በኋላ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት ተርኮታል፤ በዚህም ምክንያት መጽሐፉን በእጁ ነክቶ የማያውቅ እጅግ ብዙ ሰው ታሪኩን ከዳር እስከ ዳር ያውቀዋል። ከ500 ገጽ በላይ የሆነውን መጽሐፍ አንድ ልጅ ተቀምጦ ከሚጨርሰው ይልቅ፣ ሬዲዮ ባለበት ቤት ተሰብስቦ ቢያዳምጠው የበለጠ የሚታመን ነው።

ለማጣራት አንድ ቀላል መንገድ አለ። ጉዱ ካሳን ያስቡትና የሚመጣብዎ ገጽ ነው ወይስ ድምፅ? ድምፅ ከሆነ፣ ድምፁም የወፍራም ወንድ ድምፅ ከሆነ፣ ወንድምዎን ይቅርታ መጠየቅ ሳይኖርብዎ አይቀርም። ይሁንና በእኛ አስተያየት «ሰምቼዋለሁ» ማለት «አንብቤዋለሁ» ከማለት የሚያንስ አይደለም። ጎጃምን ያላየች የወልድያ ልጅ የእነ በዛብህን አገር በጆሮዋ ብቻ ዞራ ማወቋ ሊያኮራት ይገባል።

ጥያቄ፦ የልጄ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የአያቶቻቸውን የልጅነት መጽሐፍ በቅጽ ሞልተው እንዲያመጡ አዘዘ። እናቴን ብጠይቃት «እኔ በሉህ ነው የቀራሁት፤ መጽሐፍ አልነበረኝም» አለችኝ። ቅጹን ባዶ ልተወውን? (ከሐይቅ አካባቢ)

መልስ፦ ባዶ አይተዉት። ሉህ ማለት የቁርአን ቤት ልጅ ትምህርቱ በከሰል ወይም በጥላሸት ቀለም የሚጻፍበት ጣውላ ሲሆን፣ ልጁ የተጻፈለትን በቃሉ ከያዘ በኋላ ታጥቦ ቀጣዩ ይጻፍበታል። ስለዚህ ያለፈው ገጽ ሁሉ ያለው በልጁ ራስ ውስጥ ብቻ ነው፤ ይህን ያህል የተነበበ መጽሐፍ ደግሞ ብዙ አናውቅም። የወሎ ሰው ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ በአንዱ መንደር የየኔታ ተማሪ ዳዊት ደግሞ ሲጨርስ ይደገሳል፣ በዚያው መንደር የሸሆች ልጅ ሲያኸትም፣ ማለትም ቁርአኑን ቀርቶ ሲጨርስም ይደገሳል፣ ለሁለቱም ድግስ የሚጠራው ጎረቤት ያው አንዱ ነው። የወሎው ሊቅ የሼኽ ጦልሃ ጀዕፈር መንዙማ (መንፈሳዊ የግጥም ዜማ) በአረብኛ ፊደል ሲጻፍ ቋንቋው ግን አማርኛ መሆኑንም ለልጅዎ ቢነግሩት፣ እናትዎ የተማሩበት ፊደል ከሚያወሩበት ቋንቋ የራቀ እንዳልነበረ ይገባዋል።

ቅጹን ከመሙላትዎ በፊት ግን እናትዎን አንድ ነገር ይጠይቋቸው፦ ቂርአቱን ያቋረጡ ዕለት በሉሁ ላይ የቀረው ምን ነበር? ምናልባት ዛሬም በቃላቸው ይሉታል። «ርዕስ» በሚለው ቦታ «የአያቴ ሉህ» ብለው ይጻፉ፤ የገጽ ብዛት የሚጠይቅ ካለም «አንድ፤ እየታጠበ የሚጻፍበት» ብለው ይሙሉት።