አሮጌውን ሰርቨር ቶሎ እንዳታስረክብ

ሰላም ወንድሜ፣ «14 ትምህርት ቤት ያለው ስኩል ዲስትሪክት ነን፣ ኢሜይሉንም ፋይሉንም በረጅሙ እረፍት ወደ ማይክሮሶፍት ክላውድ ልናዞር ነው፣ ምን እንጠንቀቅ» ያልከውን አይቼ ማለፍ አቃተኝ። እኛም በእረፍት ነው ያዞርነው፣ ሰው በሌለበት ብንሰራው ማንም አይረበሽም ብለን። የላይሰንሱን ነገር ሌሎቹ ነግረውሃል፣ እኔ የተቃጠልኩበትን ልንገርህ።

1. መስመርህን አስላ። 1 ቴራባይት በ100 ሜጋቢት መስመር ምንም ሳይቆራረጥ ቢሄድ እንኳን 22 ሰዓት ይፈጃል፣ 10 ቴራ ካለህ ከ9 ቀን በላይ ነው፣ መስመሩን ሌላ ሰው ከተጋራህ ደግሞ የባሰ ነው። እኛ ሦስት ዓመት ማንም ያልከፈተውን ፋይል ለይተን አስቀረነውና ጭነቱ በግማሽ ቀነሰ። ርዕሰ መምህራኑን አንድ በአንድ ደውዬ ያስፈቀድኩት እኔ ነኝ፣ በዚህ ስራዬ እኮራለሁ።

2. ሜይሉን ከማዞርህ ከቀናት በፊት የኤምኤክስ ሪከርዱን (ኢሜይላችሁ ወደ የትኛው ሰርቨር እንደሚሄድ የሚናገረውን) ቲቲኤል፣ ማለትም ሌሎች ሰርቨሮች አሮጌውን አድራሻ ይዘው የሚቆዩበትን ጊዜ፣ ወደ 300 ሰከንድ አውርደው። ይሄ ቀላል ነው።

3. ሲንኩ፣ ማለትም የውስጡን የአካውንት ዝርዝር ከክላውዱ ጋር ማመሳሰሉ። እዚህ ጋ ረጋ ብለህ አንብብ።

የሰራተኛው አካውንት ከውስጥ አክቲቭ ዳይረክተሪ (አካውንቶቹ የተመዘገቡበት የድርጅቱ የራሱ ሲስተም) ወደ ክላውድ የሚሄደው በኢንትራ ኮኔክት ነው አይደል፣ ድሮ አዙር ኤዲ ኮኔክት ይባል የነበረው። እዛ ላይ የትኛው ኦዩ (አካውንቶች በቡድን የሚቀመጡበት ፎልደር በለው) ሲንክ ይደረግ የትኛው ይቅር ብለህ ቲክ ታደርጋለህ። ሲንክ ሲደረግ የነበረ ኦዩ ቲኩ ከተነሳ ሲስተሙ «እነዚህ ሰዎች የሉም» ብሎ ነው የሚረዳው፣ ክላውድ ላይ ያለ አካውንታቸውን ያጠፋዋል። የቀጠርነው ኮንትራክተር ሜይሉ ተዛውሮ ካለቀ በኋላ ኦዩዎቹን ላስተካክል ብሎ በትምህርት ቤት ስም ያሉትን ብቻ ቲክ አድርጎ ወጣ። «ተዘዋዋሪ ሰራተኞች» የሚለው ቀረ። እዛ ውስጥ ያሉት ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት የሚዞሩ የልዩ ፍላጎት መምህራን፣ አማካሪዎች፣ የንግግር ቴራፒስቶች ናቸው፣ 212 ሰው። ቴስት አድርጌዋለሁ ብሎ ፈርሞ ነው የሄደው።

በስህተት ብዙ አካውንት እንዳይጠፋ የሚከላከል ሴቲንግ እኮ አለው። ግን ዲፎልቱ 500 ነው፣ በአንድ ዙር ከ500 በላይ ሊጠፋ ሲል ነው ቆሞ ኢሜይል የሚልክልህ። ለትልቅ ድርጅት ጥሩ ነው፣ ለእንደኛ ዓይነቱ ግን 212 ሰው ሲጠፋ ዝም ብሎ ያሳልፋል። አሁን እኛ ጋ 10 ላይ ነው ያለው፣ አንተም ስራ ከመጀመርህ በፊት ዛሬውኑ ቀይረው።

የጠፋ አካውንት 30 ቀን መመለስ ይቻላል፣ ከዛ በኋላ የለም። እረፍቱ ደግሞ ከ30 ቀን ይበልጣል። ምልክት አልነበረም እንዳልል ነበረ፣ በሁለተኛው ሳምንት አንዲት እናት ደውላ «ለአማካሪዋ የላኩት ኢሜይል ተመለሰብኝ» ብላለች፣ ሄልፕ ዴስክ ላይ የነበረው ልጅ «ሰራተኛዋ እረፍት ላይ ናት» ብሎ ቲኬቱን ዘግቶታል። ያን ቲኬት ፕሪንት አድርጌ ጠረጴዛዬ ፊት ለፊት ለጥፌዋለሁ።

በ41ኛው ቀን ሰራተኛ ሲመለስ መጀመሪያ የመጣችው አንዲት ቴራፒስት ናት፣ ፓስወርዴ አልሰራ አለኝ ብላ። የጠፉ ተጠቃሚዎች ዝርዝርን ከፈትኩት፣ 30 ቀኑ ስላለፈ ባዶ ነው። ሪፍሬሽ አደረግኩት፣ አሁንም ባዶ። ከኋላዋ ሌሎች ተሰልፈዋል።

«አሮጌው ሜይል ሰርቨር ላይ አለ» ብለህ ታስብ ይሆናል። የለም። በጀት ዓመቱ ሳይዘጋ ከመዝገብ ይውጣ ብለው ንብረት ክፍሎች አስጨንቀው ወስደውታል። አንድ ሴሚስተር ብቻ አቆዩልን ብዬ በአካል ሄጄ ለምኛለሁ፣ ኃላፊው ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ «እናንተ አይቲዎች እቃ ማከማቸት ትወዳላችሁ» ነው ያለኝ። የተማሪ መረጃ ስላለበት ዲስኩ ተፈጭቷል፣ ባክአፑም አንድ ራክ ላይ ስለነበር አብሮ ሄዷል። ለክላውዱ ለብቻው ባክአፕ እንዲገዛ ጠይቄም ነበር፣ ግዢ ክፍል «ክላውድ ራሱ ባክአፕ አይደለም እንዴ» ብሎ ከግዢ ዝርዝሩ ላይ ሰረዘው። አይደለም! አንተ ያጠፋኸውን ክላውዱ ለዘላለም አያስቀምጥልህም፣ ይሄን በጽሁፍ አስገባላቸው፣ ቀን ያለበት ኮፒም ያዝ።

ከሁሉም የማልረሳት አንዲት የልዩ ፍላጎት መምህርት ናት። የስድስት ዓመት ኢሜይሏ ጠፍቷል፣ እሷ ግን የጠየቀችኝ አንድ ብቻ ነው፣ አንድ ልጅ የሚጥል በሽታው ሲነሳበት ምን መደረግ እንዳለበት እናቱ በዝርዝር የጻፈችላትን። ላገኝላት አልቻልኩም። ለእናትየው ደውላ እየሰማች በእጇ ስትጽፍ አጠገቧ ቆሜ ነበር።

ፋይሉን ግን አትርፌዋለሁ። የተሰረዘ ሰው ዋንድራይቭ (ክላውዱ ላይ ያለው የግል ፋይል ማስቀመጫው) በዲፎልት 30 ቀን ይቆያል፣ ከዛ ደግሞ 93 ቀን የተሰረዙ ሳይቶች ውስጥ ይቀመጣል፣ በፓወርሼል፣ ማለትም ትዕዛዝ በመጻፍ፣ ይመለሳል። ስክሪኑ ላይ ስለማይታይ ኮንትራክተሩ «አለቀለት» ብሎኝ ነበር። ሦስት ሌሊት ተቀምጬ ለሁሉም አዲስ አካውንት ከፍቼ፣ የድሮውን ዋንድራይቭ እየመለስኩ ባለቤትነቱን ለአዲሱ ሰጠሁ። የ212ቱም ፋይል ተመልሷል። ማንም አመሰግናለሁ አላለኝም፣ ግን ተመልሷል።

ስለዚ ሲንኩን መጀመሪያ ስቴጂንግ ሞድ ላይ (ለውጡን አዘጋጅቶ ወደ ክላውዱ ግን የማይልክበት) አድርገው፣ ኤክስፖርት ሊደረግ የተዘጋጀውን ዝርዝር አውጣና ዴሊት የሚሉትን ራስህ ቁጠር፣ ለኮንትራክተር አትተው። ሲንክ የሚሆኑትን ስሞች ደግሞ ከደሞዝ ሊስት ጋር አመሳክር። ከሰው ኃይል በተሰጠኝ ሊስት ላይ ተዘዋዋሪዎቹ ለብቻ ገጽ ላይ ነበሩ፣ ያን ገጽ ማንም አልላከልኝም፣ ደሞዝ ክፍል ግን ማንንም አይረሳም። ከተዛወራችሁ በኋላ በእረፍቱ በየሳምንቱ አንድ ሰው ገብቶ የጠፉ ተጠቃሚዎችን ዝርዝር ይይ፣ አምስት ደቂቃ ነው። ሰርቨሩን ደግሞ ሁሉም ሰራተኛ ተመልሶ በአካውንቱ እስኪገባ አታስረክብ፣ ከኔትወርክ ነቅለህ ቁልፉን ራስህ ጋ ያዝ፣ ደብዳቤ ቢጽፉብህም ይጻፉ።

አሁን ያላችሁ ሜይል ሰርቨር ቨርዥኑ ስንት እንደሆነ ጻፍልኝ። የማይክሮሶፍቱ ሜይል ሰርቨር ኤክስቼንጅ 2016 ወይም 2019 ከሆነ ሰፖርቱ ኦክቶበር 14፣ 2025 ላይ አልቋል፣ ስለዚ ኢንተርኔት ላይ ክፍት አድርጋችሁ እንዳታቆዩት። ዋንድራይቩን የመለስኩበትን ስክሪፕትም በውስጥ እልክልሃለሁ።