የጥንት ቤተ ጣዖትን መጎብኘት እንዴት ይታያል?

ጥያቄ፦ የኔታ፣ እንዴት ሰነበቱ? የምንኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ባለፈው ነሐሴ ለሥራ ወደ ግብፅ ስሄድ ባለቤቴም አብራኝ ነበረችና በሉክሶር ከተማ ካርናክ የሚባለውን የጥንት ቤተ ጣዖት ስንጎበኝ ዋልን። ወቅቱ ጾመ ፍልሰታ ስለ ነበር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልንቆይ አስበን ነበር፤ ነገር ግን ሙቀቱ በርትቶ ባለቤቴን ራሷን ስላዞራት ከቀትር በፊት ሁለታችንም ውኃ ጠጣን። በኋላም በኩሬው አጠገብ ያለውን የድንጋይ ጥንዚዛ ሰባት ጊዜ የዞረች ሴት ትወልዳለች ሲባል ሰምታ እርሷም ዞረች። ልጅ ሳናገኝ ብዙ ዘመን ቆይተናል። ከተመለስን ወዲህ ልባችን አላረፈምና ምን ይሉናል?

መልስ፦ ልጄ፣ ሳትደብቁ መጠየቃችሁ መልካም ነው። ሦስቱን ነገሮች ግን በአንድ ሚዛን አልመዝናቸውም።

ቅዱስ ጳውሎስ አቴና ጣዖት የሞላባት ከተማ እንደ ሆነች ባየ ጊዜ መንፈሱ ተበሳጨበት፤ ቢሆንም እየተዘዋወረ መሠዊያዎቻቸውን ተመልክቷል፣ ያየውንም የስብከቱ መነሻ አድርጎታል (ሐዋ. 17፥16-23)። እናንተ የቆማችሁባት ከተማ ነቢዩ ናሆም ኖእ አሞን ያላት ናት፤ ካርናክም የዚያው የግብፃውያን ጣዖት የአሞን ቤት ነበር። 134 አዕማድ ያሉት ታላቁ አዳራሽ ዛሬም ቢቆም፣ ለአሞን የሚያጥን ካህን ከጠፋ ዘመናት አልፈዋል። እንዲያውም የግብፅ ክርስቲያኖች በዚያው ግቢ ንጉሥ ቱትሞስ ሣልሳዊ ያሠራውን አዳራሽ ቤተ ክርስቲያን አድርገውት ስለ ነበር፣ በአዕማዱ ላይ የሣሏቸው ቅዱሳን ደብዝዘው እስከ ዛሬ ይታያሉ። ስለዚህ ለማየትና ለመማር መግባታችሁን በደል አልለውም።

ስለ ውኃውም አትጨነቁ። በነሐሴ የሉክሶር ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ መውጣቱ የተለመደ ነው፤ ራሷን ለሚያዞራት ሰው ውኃ መስጠት ጾምን መናቅ አይደለም። አንተ ሳትታመም ጠጥተህ እንደ ሆነ ለንስሐ አባትህ ንገረው፤ ወደፊትም እንዲህ ወዳለ አገር በጾም ስትሄዱ አስቀድማችሁ አማክሩት።

የሚከብደው መዞሩ ነው። የጥንት ግብፃውያን ጥንዚዛን የማለዳ ፀሐይ አምላካቸው ምስል አድርገው ያከብሩ ነበር። ድንጋዩ ዛሬ የሚሰጠውም የሚነሣውም ነገር የለም፤ ጥያቄው ባለቤትህ ስትዞር ተስፋዋን በማን ላይ ጥላ ነበር የሚለው ነው። ሶርያዊው ንዕማን ጌታው በእጁ ተደግፎ በጣዖቱ በሬሞን ቤት ሲሰግድ አብሮ ማጎንበሱ እንዲማርለት ቢለምን፣ ልቡ ወደ እስራኤል አምላክ ተመልሶ ነበርና ኤልሳዕ በሰላም አሰናብቶታል (2ነገ. 5፥18-19)። የእርሱ ጉልበት ሲያጎነብስ ልቡ አልተከተለም፤ ልጅ ይሰጠኛል ብሎ ድንጋይ የሚዞር ሰው ግን ልቡም አብሮ ይዞራል። ከሌሎቹ ጋር ለጨዋታ ዞራ እንደ ሆነ ቀላል ነው፤ ተስፋ አድርጋ ከሆነ ግን፣ ጥያቄህም ይህን ይመስላል፣ ንስሐ ያስፈልጋታል።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ካርናክን ፈርቼ አይደለም። በእኛው በጎጃም ቅዳሴ አስቀድሶ የወጣ ሰው ዋርካ ሥር ቅቤ ሲቀባ፣ በወንዝ ዳር ለቆሌ ዶሮ ሲያርድ፣ ልጅ ያጣችም ሴት በጎረቤት ምክር ጠንቋይ ቤት ስትወሰድ እናውቃለን። የካርናክ መሠዊያ ከቀዘቀዘ ቆይቷል፤ የዋርካው ቅቤ ግን ገና አልደረቀም። ባለቤትህን በባዕድ አገር ያስዞራት ጭንቀት እዚህም አብሯት አለና ወደ ዋርካውና ወደ ጠንቋዩ እንዳይመራት እሰጋለሁ።

እንግዲህ ሁለታችሁም አብራችሁ ወደ ንስሐ አባታችሁ ሂዱ፤ እርሷ ብቻዋን እንደ ጥፋተኛ አትሂድ። አንተም በነገር አትውጋት፤ ሐና በልጅ እጦት ስታለቅስ ባሏ ሕልቃና ያጽናናት ነበር እንጂ አልነቀፋትም (1ሳሙ. 1፥8)። ጸበሉንም ጸሎቱንም ያዙ። ሐኪም ቤት ካልሄዳችሁ ደግሞ ሂዱ፤ መጽሐፈ ሲራክ ሐኪምን አክብር ይላል (ሲራክ 38፥1)። ልጅ ሲጠፋ ምክንያቱ በወንዱም በሴቷም በኩል ሊሆን ስለሚችል፣ እርሷን ብቻ ልከህ አትቅር፤ አንተም ተመርመር።