ኮሮጆና ጥይት፦ ሰሞኑን የላካችኋቸው ጥያቄዎች

ኢንቦክሴ በምርጫ ጥያቄ ተጥለቅልቋል። ግማሹ ስድብ ስለሆነ ዘልዬዋለሁ፣ የቀረውን እንደመጣልኝ እመልሳለሁ። የውጪ አገሮቹን ዓመተ ምህረት በፈረንጆቹ ነው የማስቀምጠው፣ የኛን በኛ።

ጣት ላይ የሚቀቡት ቀለም በሎሚ ይለቃል እንዴ?

አይለቅም፣ ሎሚህን ለሻይ አድርገው። ደግሞ እንዲለቅ ለምን ፈለግክ?

ያንኑ ጥያቄ አንዲት አንባቢ በሌላ ምክንያት ነው የጠየቀችው፣ ገጠር ያሉት እናቷ ጣታቸው ታይቶ ጫካ ያሉት እንዳይቀጧቸው ፈርታ። ይሄኛው አያስቅም። በ2014 አፍጋኒስታን ሄራት ውስጥ ታሊባኖች ድምፅ ሰጥተው የሚመለሱ 11 ሰዎችን ይዘው ያንን ቀለም የነካውን ጣታቸውን ቆርጠዋል። ስለዚህ እማማን "መብትዎ ነው ይውጡ" የምላቸው እኔ አይደለሁም፣ መንገዱን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ቢቀሩም ማንም አይፍረድባቸው።

ወረዳችን ሰላም የለውም ተብሎ ቢዘለልና ሌላው መርጦ መንግሥት ቢመሰርት እኛ ምንድን ነን?

ከመተከል አካባቢ የመጣ ደብዳቤ ነው፣ ረጅምና የተናደደ፣ እውነቱን ነው። በ2013 ሰኔ 14 አገሩ ተሰልፎ ሲመርጥ የሶማሌና የሐረሪ ክልሎች ወደ መስከረም 20 ተገፉ፣ ትግራይ ጦርነት ላይ ስለነበር ጭራሽ አልመረጠም፣ ከ547ቱ የፓርላማ ወንበር የክልሉ 38ቱ ባዶ ቀሩ። መተከልና ካማሺ ውስጥ ደግሞ ብዙ ቦታ ምርጫ የተደረገው ሰኔ 16 ቀን 2016 ነው፣ ምክር ቤቱ ከአምስት ዓመት ዘመኑ ከግማሽ በላይ ከጨረሰ በኋላ ማለት ነው። እስከዚያ በጀት ሲጸድቅ፣ አስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ፣ ያ ሰፈር እጁን የሚያወጣለት ሰው አልነበረውም። የሰላም እጦቱ የባሰበት ቦታ እኮ ነው ስለ ሰላም ሲወራ የሌለው!

መዝለል ሁሌ ስህተት ነው አልልም። ጥይት የሚጮህበት ቀበሌ ወረፋ አስይዞ ሰው ማስገደል ዲሞክራሲ አይባልም። ግን ታጣቂው የሚፈልገው ምርጫ እንዳይኖር ከሆነ በደረቁ መዝለል ማለት የፈለገውን በነፃ መስጠት ነው። ኢራቅ በጥር 2005 ስትመርጥ ሱኒ ሙስሊሞች የሚበዙበት አንባር ግዛት በማስፈራሪያውም በቦይኮቱም የመረጠው ሰው 2 በመቶ አካባቢ ብቻ ነበር፣ ሕገ መንግሥት የሚያረቀው ደግሞ ያው የተመረጠው ምክር ቤት ነው፣ ኋላ ላይ ሱኒዎቹን ሳይመረጡ ኮሚቴ ውስጥ መጨመር ግድ ሆነ። ቡርኪና ፋሶም በ2020 ሕጓን አሻሽላ ድምፅ በተሰጠበት ቦታ ብቻ ውጤቱ ይጸናል አለች፣ ተመረጠ፣ በጥር 2022 ወታደሩ ፕሬዝዳንቱን አወረደው። አንዱ ሌላውን አመጣ እያልኩ አይደለም፣ ግን ያ ሕግ ያተረፈው ጊዜ ረጅም አልነበረም።

እኔን የሚያሳምነኝ የናይጄሪያ የ2015ቱ ነው። ቦኮ ሃራም የሚባለው ታጣቂ ሰሜን ምሥራቁን ይዞት ስለነበር የጸጥታ ኃላፊዎቹ ዋስትና አንሰጥም አሉ፣ ምርጫ ኮሚሽኑ ከየካቲት 14 ወደ መጋቢት 28 ገፋው። ሰው ሁሉ "ተሸወድን፣ ፕሬዝዳንት ጆናታን ሊያጭበረብር ነው" አለ፣ እኔም ብሆን እንደዛ ነው የምለው። ግን አዲሱ ቀን ተቆርጦ ተነገረ፣ በነዛ ስድስት ሳምንታት ጦሩ ከጎረቤት አገሮች ጋር ሆኖ ብዙ ከተሞችን አስለቀቀ፣ ከቦርኖ ግዛት የተፈናቀሉት ዋና ከተማዋ ማይዱጉሪ ላይ ሆነው መረጡ። በምርጫው ቀንም ጥቃት ነበር፣ ሰው ሞቷል። ያም ሆኖ ጆናታን ተሸነፈና ስልክ ደውሎ ተፎካካሪውን ቡሃሪን እንኳን ደስ አለህ አለው፣ ሥልጣን ላይ ያለ ፕሬዝዳንት እዚያ አገር በምርጫ ሲሸነፍ የመጀመሪያው ነው። እና ወንድሜ፣ ወረዳህ ከተዘለለ የምትጠይቀው "ለምን" ሳይሆን "መቼ" ነው፣ ቀኑን በጽሑፍ፣ ለተፈናቀለውም የት ሆኖ እንደሚመርጥ ጭምር። "ሁኔታዎች ሲመቻቹ" የሚል ወረቀት ከሰጡህ ቀን አይደለም፣ መልሰው።

ታዲያ ሰላም እስኪሆን ለምን አንጠብቅም?

ጋሼ፣ ሶማሊያን ይመልከቱ። አገር አቀፍ የአንድ ሰው አንድ ድምፅ ምርጫ ካደረጉ ከ1969 ጀምሮ ነው የሚቆጠረው። በ2022 ፕሬዝዳንቱን የመረጡት የፓርላማ አባላት ናቸው፣ ሞቃዲሾ ኤርፖርት ግቢ ውስጥ ታጥረው። ከዚያ በፊት የነበረው ፕሬዝዳንት ፋርማጆ ዘመኑ ካለቀ በኋላ ሁለት ዓመት ይጨመርልኝ ቢል በሚያዝያ 2021 ወታደሩ ራሱ ተከፍሎ ከተማው ውስጥ ተታኮሰ። መጠበቁም የራሱ ጥይት አለው።

ባሌ የምርጫ ካርዴን ደብቆብኛል።

አስመልሺው። ካልሆነ ሽማግሌ፣ ሽማግሌ ካልሰማ ፖሊስ። ማንን እንደመረጥሽ ግን አትንገሪው።

የአሜሪካ ፓስፖርት ይዤ ከሜሪላንድ መምረጥ እችላለሁ?

ኤምባሲውን ጠይቅ ብዬ ልለፍህ ነበር፣ ግን ስልክ ላይ ከሚያቆዩህ እኔው ልንገርህ፦ አትችልም። ዜግነት ቀይረሃላ።

መምህርት ነኝ፣ ምርጫ አስፈጻሚ ሁኚ ተብያለሁ፣ አበሉ ያስፈልገኛል፣ ግን ባለፈው ወር ትምህርት ቤታችን በር ላይ "የሚተባበር ወዮለት" የሚል ወረቀት ተለጥፎ ነበር።

እህቴ፣ ይሄን ከኔ ጽሑፍ አንብበሽ እንዳትወስኚ፣ የምሬን ነው። የምርጫ ቦርድ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት በአካል ሂጂ፣ ወረቀቱን በስልክሽ ካነሳሽው አሳያቸው፣ ማታ ኮሮጆውን ይዞ የሚሄደው መኪና ማን እንደሚያጅበው፣ አንቺ በምን እንደምትመለሺ፣ ጉዳት ቢደርስ ቤተሰብሽን ማን እንደሚያይ ጠይቂ። መልሱን በደብዳቤ ካልሰጡሽ አትፈርሚ። ሕግ የሚያውቅ ሰውም ውሉን ይይልሽ፣ የምታውቂው ከሌለ ዩኒቨርሲቲዎች ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡበት ቢሮ አላቸው፣ እሱን ሳታዪ እንዳትመልሺላቸው።